የዩሱፍ አባት ሲኒማ ቤት

ሜይፌር፣ ማክሰኞ ሐምሌ 21 ቀን 2012 ዓ.ም.

የስደት ጎረቤቴ ዩሱፍ በኮሮናው ምክንያት ፍልስጤም ሄዶ አባቱን መቅበር አልቻለም። ዛሬ ወንድሙ ናብሉስ ያለውን የአባታቸውን የተዘጋ ሲኒማ ቤት ሊከፍት ፕሮጀክተሩን ሲያስነሳ፣ በስልክ ቪዲዮ አብረን አየን። ድሬዳዋ ስንት ዘመን ፊልም ያጫወትኩ ሰው ነኝና መካሪው እኔ ነበርኩ።

"ቀስ በል! በሬ አይደለም የምትጠምደው!" አልኩት ወንድሙን፣ ዩሱፍ እየተረጎመልኝ።

ሸራው በራ። ዩሱፍ አለቀሰ። ላስቀው ብዬ፣ ፊልም ሲዘገይ ተመልካቹ ያደርግብኝ እንደነበረው በሁለት ጣቴ አፏጨሁ። ከባዶው አዳራሽ ፉጨት መለሰልኝ፤ ከኔ የረዘመ።

"የገደል ማሚቶ ነው፣ አንተ ፈሪ!" አልኩት ዩሱፍ ሲደነግጥ።

"አባባ፣ እንደዚህ የሚያፏጨው አባቴ ነው። እባክዎ ይድገሙት" አለኝ።

አባትየው ቢመልስ ለራሴ ፈራሁ፤ ዝም ቢል ደግሞ ለዩሱፍ። ሰው ሠራሽ ጥርሴ ላላብኝ ብዬ ዋሸሁት።