ጋሽ አሳምነው ፍሬን አልያዘም

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

አስተማሪያችን ዘመናይ "በየቀኑ ቢያንስ አንድ መስመር ጻፉ" ብላለች። ለዲንሳ አንድ መስመር? አይበቃኝም። ከማታው ትምህርት አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ። (ሦስት ነበርን። አንዷ አቋርጣለች።) የቤት ቋንቋዬ ኦሮምኛ ነው፤ ኮሚኒቲው አዳራሽ በነጻ የሚሰጠው ግን የአማርኛ ፊደል ነበር። በነጻ የመጣ ነገር አልፌ አላውቅም።

ዛሬ ምንም የለም። አሮጊቶቼን ከየቤታቸው ሰብስቤ በአረንጓዴው ቫኔ ወደ ቀን መዋያቸው አደረስኩ። ማታ መልሼ አመጣሁ። ቅጠሉ ረግፏል።

አንድ ነገር ግን አለ። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ጠርጣራ ሆኛለሁ። የበርበሬው ፌስታል ላይ "ልዩ" ይላል። ምኑ ነው ልዩ? ድሮ ዝም ብዬ እበላ ነበር።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ተመታሁ።

ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜያለሁ። አሮጊቶቹን አድርሼ ባዶ ስመለስ... ተመስገን ነው። በስፖኪዮ ሳይ አንድ ታክሲ ዝግ ብሎ ይመጣል። ሾፌሩን አየሁት። ዓይኑን አፍጥጦ፣ ቀጥ ብሎ፣ እኔን እያየ። መጣ፣ መጣ... ጓ! የፍሬን ድምፅ የሚባል የለም።

ለጠብ ተዘጋጅቼ ወረድኩ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ አሳምነው። አዲስ አበባ መምህር የነበረ፣ እዚህ አሜሪካ የኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ፣ የሰፈሩን ደብዳቤ ሁሉ የሚያነብ። የእኔንም ስንት ዓመት ያነበበልኝ።

ወርዶ መጀመሪያ የነካው ባምፐሩን ነው። በመዳፉ ዳሰሰው፣ በሬ እንደሚገዛ ሰው። ከዚያ ዞር ብሎ "ሶሪ ሰር" አለኝ። ሰር! እኔን! "ኧረ ጋሼ፣ ዲንሳ ነኝ" ስለው ነው ያቀፈኝ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ሳመኝ። ቤተሰብ? ደህና። ሚስትህ ሲምቦ? ደህና። ልጅቷ? ደህና። ከኋላችን መኪናው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋል። "ምንም አልሆነም ጋሼ" አልኩ። አፌን በቆረጠው። "እግዜር ይስጥህ" ብሎ ሄደ። የኢንሹራንስ ወረቀት አልተያየን፣ ፎቶ አላነሳን። ተሳስመን ተለያየን።

ቤት ስደርስ የቫኑ የኋላ በር አልዘጋ አለኝ። ባምፐሩም ጎድጉዷል።

ልጄ ጃለኔ ስነግራት አፏን ያዘች። "ዳድ፣ ዩ ኪስድ ሂም?"

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ሶሪ ሰር... ይህን አረንጓዴ ቫን ሴንት ፖል ውስጥ የማያውቅ ሐበሻ አለ? አስመሳይ።

እያየኝ ነው የመታኝ። ለምን? አስቤ አስቤ ደረስኩበት። ግንቦት ላይ፣ የማታው ትምህርት ምረቃችን ቀን፣ ሰው ሁሉ ፊት ተነሥቼ "ከእንግዲህ ጋሽ አሳምነው ሥራ ፈታ፣ ደብዳቤዬን ራሴ አነባለሁ" ብዬ ነበር። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እሱ አልሳቀም። አጠገቤ ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር።

ይኸውና። ለዚህ ነው?

አርብ፣ ኦክቶበር 10

አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ባምፐር ፕላስቲክ ስለሆነ የፈላ ውኃ ካፈሰሱበት ይመለሳል አለኝ። የሲምቦን ትልቁን ማንቆርቆሪያ ወሰድኩ። አፈሰስኩ። ከውስጥ ገፋሁ። ቧ! ብሎ ወጣ። ጎረቤቶቹ በመስኮት ያያሉ። እጄን አነሣሁላቸው። ዶክተር ዲንሳ!

የኋላው በር አሁንም አይዘጋም፤ በገመድ አስሬዋለሁ።

ሲምቦ ማንቆርቆሪያዋን አሳርሬባታለሁና ሻይ አላፈላችም።

ከቀን መዋያውም ደወሉ። በገመድ በታሰረ በር ሰው ማመላለስ አይቻልም፤ እስከሚመጣው ሳምንት መጨረሻ ካልተሠራ መስመሩን ለሌላ ሾፌር እንሰጣለን አሉ። በዚያ መስመር ነው የምንኖረው። ማነው ሌላው ሾፌር? ጋሽ አሳምነው ቢሆንስ?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

ዝናብ። መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር ስፖኪዮ ሳይ ዋልኩ። አንገቴን አመመኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ከቅዳሴ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ በሱፍ ልብስ፣ በከረባት። አንዱ ነጠላ ደርቧል። "ግቡ፣ ተቀመጡ" ብል አይቀመጡም። "የመጣንበትን ጉዳይ እሺ ሳትለን አንቀመጥም" አሉ። ሦስት ሽማግሌ፣ እሑድ ቀን፣ ቆመው... ጃለኔን ሊጠይቁ ነው! ማነው ልጁ? ገና ኮሌጅ አልጨረሰችም! እሷም ከደረጃው ላይ ሆና "ዳድ፣ ዋይ አር ዜይ ስታንዲንግ?" ትላለች። ሮጬ ኮት ለበስኩ።

ለካ ለባምፐር ነው።

"አሳምነው አጥፍቷል። በኢንሹራንስ አታድርገው። በአገር ልማድ ይካስህ፣ ፍሮግታውን ሰፈር ናፍያድ ጋራዥ ወስዶ ያሠራልህ" አሉ። ለባምፐር ሽማግሌ ይላካል? የሰው መኪና ስለጎደጎደ ከረባት ይታሰራል? የሆነ የሚደበቅ ነገር አለ። ናፍያድ ደግሞ የእኔ አገር ልጅ ነው፤ ይሄ ይበልጥ አጠራጠረኝ። ሆን ብለው ነው የእኔን ሰው የመረጡት።

ደህና አድርጌ አቆምኳቸው። ሲምቦ ከጓዳ በኦሮምኛ "አባ ጃለኔ፣ የአንዱ ጉልበት በሽተኛ ነው፣ ነውር ነው" ስትለኝ "አስብበታለሁ" ብዬ አስቀመጥኳቸው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ጃለኔ ሮዝቪል ያለ ትልቅ ቦዲ ሾፕ ወሰደችኝ። ኢንሹራንስ ከጠራን የሚሠሩት እንዲህ ያሉ ናቸው አለች። ወለሉ ከቤቴ ወለል ይነጻል። ሰውየው ፈገግ ብሎ ቫኑን ዞረው፣ ጎንበስ አለ፣ ተነሣ። ባምፐሩ ይወርዳል፣ ከውስጥ ያለው ብረት ይቀየራል፣ በሩ ይቃናል፣ ቀለም ይቀባል፣ ለሳምንታት እዚህ ያድራል። ሳምንታት! አሮጊቶቼን በጀርባዬ ልዘላቸው?

ሳይነካው ነው ይህን ሁሉ ያወቀው። ጋሽ አሳምነው ዳስሶ ምንም አላለም፣ ይሄኛው ሳይዳስስ ሁሉን አወቀ። ማንን ልመን?

"ዳድ፣ ጀስት ኮል ዘ ኢንሹራንስ" አለች ጃለኔ። "ኢት ወዝ ሂዝ ፎልት።" ልክ ናት። ነገ እደውላለሁ... ግን በመጀመሪያ ያንን ጋራዥ ልየው። ጋሽ አሳምነውንና ናፍያድን አንድ ላይ አቁሜ ዓይን ዓይናቸውን ልይ። የሚጠቃቀሱ ከሆነ አያመልጡኝም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ይህን ቀን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ጋሽ አሳምነውን ከቤቱ አንሥቼ በገመድ በታሰረው ቫን ናፍያድ ጋ ሄድን። የጋራዡ በር ላይ ክንድ በሚያህል ፊደል ተጽፏል። "በሩ ተበላሽቷል። በጓሮ ግቡ።" በአንድ ትንፋሽ አነበብኩት። ጋሽ አሳምነው ግን እጀታውን ይዞ ይገፋል። ይስባል። እንደገና ይገፋል።

"ጋሼ፣ ጽሑፍ አለ እኮ" አልኩ።

"መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው። አንተ አንብበው፣ አሁን ተምረህ የለ?"

ደሜ ፈላ። ሊፈትነኝ! የምረቃውን ሊመልስ! ጮክ ብዬ አነበብኩለት። "ጎበዝ" አለኝ። የምመልስለትን አዘጋጅቼ አፌን ከፈትኩ... ዘጋሁት።

መነጽሬን ረስቼ ነው።

ይሄ ቃል የኔ ነው። ባንክ ቤት፣ ክሊኒክ፣ የጃለኔ ትምህርት ቤት... ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበት ቃል ነው። ከዚያ "አንተ አንብበው" ይባላል፣ ትንሽ ሳቅ ተደርጎ። እሱም ትንሽ ሳቅ አደረገ።

ገባን። ናፍያድ ባምፐሩን አወረደው። "ስቱኮ ለጥፈህ እንዳትሸኘኝ" አልኩት። "ኦቦ ዲንሳ፣ ስቱኮ ላሜራ ላይ ነው የሚለጠፈው። ይሄ ፕላስቲክ ነው" አለ። ዞር ብዬ ሌላ ነገር አየሁ። ከዚያ የተጣመመውን ብረት አነሣና ያ የሮዝቪሉ ሰውዬ ያለውን ሁሉ ደገመው። ከጃንክ ያርድ፣ ከአሮጌ መኪና መጣያ ያመጣሁት ያገለገለ ባምፐር አለኝ፣ ነጭ ነው፣ እስከ ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ አለ። "አያችሁ እንዴት እንደተጣመመ?" ብሎ ብረቱን ወደ ጋሽ አሳምነው ዘረጋ። ጋሽ አሳምነው የናፍያድን ፊት እያየ "አዎ፣ ተጣሟል" አለ። ብረቱን አላየም። ድምፁ ወደመጣበት ነው ያየው።

አልተጠቃቀሱም። እንዴት ብሎ ይጠቃቀሳል?

ውጭ ቫኑ ውስጥ ተቀመጥን። ሞተር አላስነሣሁም።

"ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

"እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።"

ከፋሲካ ወዲህ ነው አለኝ። ጭጋግ ነው። ሰው ከነድምፁ ይመጣል፣ ፊቱ አይመጣም። ምረቃችን ቀንም ሰው ሁሉ ሲስቅ ማን ወዴት እንዳለ ጠፍቶት ነበር። ሽማግሌዎቹ እንኳ አያውቁም። ኢንሹራንስ ከገባበት መርማሪ ይመጣል፣ ዓይን ይታያል፣ መንጃ ፈቃዱ ይሄዳል ብሎ ፈርቷል።

"ያን ቀን አንተን አላየሁህም። አረንጓዴ ነገር አየሁ። መብራቱ መሰለኝ።"

ቫኔን! መብራት!

መሳቅ ፈለግሁ። አልመጣልኝም። ከኋላዬ ያሉትን ባዶ ወንበሮች አየሁ። ጠዋት ሞልተው ነበር።

"ኢንሹራንስ አልጠራም" አልኩት። "እዚሁ ናፍያድ ጋ ይሠራል። የታክሲህን ቁልፍ ግን ለእኔ ትሰጠኛለህ፣ ዓይንህ እስኪታከም። ካልሰጠኸኝ ነገ ጠዋት እደውላለሁ።"

"እንጀራዬ ነው ዲንሳ።"

"እኔም እዚህ አሮጊት ነው የምጭነው፣ ጋሼ።"

በሩን ከፍቶ ወረደ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመ። በስፖኪዮ አየሁት። አንዱ መጣ፣ ሄደ። ሌላው መጣ፣ ሄደ። ቁጥሩን ማየት አልቻለም፣ ሰው ደግሞ አይጠይቅም።

አርብ፣ ኦክቶበር 17

አሮጊቶቼን መልሼ ቫኑን ናፍያድ ጋ ተውኩት። ስልኩን አሥር ጊዜ አነሣሁ። አልደወልኩም። ዛሬም ታክሲውን ይዞ ወጥቶ ይሆን? አንድ ሕፃን መንገድ ቢያቋርጥበትስ? ሽማግሌ አቁሜ ስፎክር የነበርኩት ሰውዬ፣ አሁን አንድ ስልክ ያቅተኝ?

እስከ ነገ ጠዋት። ከዚያ በላይ የለም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ቁርስ ሳንበላ መጣ። በእግሩ። "ተቀመጥ ጋሼ" ብለው አልተቀመጠም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጠረጴዛውን በእጁ ፈልጎ ነው ያገኘው። "ለማንም እንዳትናገር" አለ። "አልናገርም" አልኩ። ያኔ ተቀመጠ።

ሲምቦ አንድ ጊዜ ዓይኑን አየችና ገባት። ክሊኒክ ነው የምትሠራው። "የዓይን ሞራ ነው ጋሼ፣ ይገፈፋል" አለችው። "ድገሚልኝ" አላት። ታውሬ ቀረሁ ብሎ ነበር ለካ።

ከሰዓት ቫኑን አመጣሁ። በሩ ይዘጋል። ባምፐሩ ነጭ ነው። ናፍያድ "ልቀባው?" ሲለኝ "ተወው" አልኩ። ከሩቅ ይታይ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ሰፈሩ "ዲንሳ ለአንድ ባምፐር የትልቅ ሰው ቁልፍ መያዣ ወሰደ" ይላል። የአዳራሹ ሰው ሰላምታ ቀንሶብኛል። ጉልበተ በሽተኛው ሽማግሌ ፊቱን አዞረብኝ። ሌላ ምን ልበላቸው? "አዎ፣ መያዣ ነው፣ እኔ ዲንሳ ነኝ፣ አልሸወድም" አልኳቸው።

በሕይወቴ አንድ የሚያስፎክር ነገር ሠራሁ። እሱንም ለማንም መናገር አልችልም። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ማታ ማታ እሱ ቤት ሄጄ ደብዳቤውን አነብለታለሁ። ስሳሳት ያርመኛል። ሳያይ! በጆሮው!

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

በረዶ። የአንደኛው ዓይኑ ሞራ ተገፈፈ፣ ማሰሪያውም ተነሣ። ከክሊኒክ ላመጣው ሄድኩ። ከበሩ ወጥቶ ከቫኑ ኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ይሄ ነጭ ነገር ምንድን ነው?"

"ባምፐር ነው ጋሼ።"

"አረንጓዴ ላይ ነጭ? አንተ ሰውዬ ዓይን የለህም?"

በበረዶው መሐል ተደግፌው ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ዛሬ ጣሪያ አላየም፣ እኔን ነው ያየው። "አርጅተሃል" አለኝ።

ቁልፉ ገና ኪሴ ነው። ሁለተኛው ዓይን ሲሠራ ብሏል ዶክተሩ። ሽማግሌዎቹን ራሱ ጠርቶ እውነቱን ነግሯቸዋል። ሳልጠይቀው። እሑድ ሊመጡ ነው፣ እኔን ይቅርታ ለመጠየቅ። አቆማቸዋለሁ? ትንሽ። ጉልበተ በሽተኛውን አስቀምጬ።

መንገድ ላይ ያየውን ጽሑፍ ሁሉ ያነብልኛል። ፋርማሲ። ጎማ። የሚከራይ ቤት። እኔም አንብቤዋለሁ፣ ግን ዝም አልኩ፣ ያንብብ። ፍሮግታውን ናፍያድ ጋራዥ ጋ ስንደርስ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ይሄ በር እስካሁን አልተሠራም?"

ቀይ መብራት ያዘን። ቆምን፣ ስለናፍያድ በር እያማን። አረንጓዴ ሲበራ ትዝ አለኝ... ስፖኪዮውን አላየሁም።