የፊሽካ አምፖልና የእኔ ኔቡላ

ሚያዝያ 3፣ ማክሰኞ
ልብስ አጠብኩ፣ ከእማዬ ጋር ተጨቃጨቅኩ... ያው እንደ ሁልጊዜው። ሲመሽ ቴሌስኮፑን በረንዳው ላይ ተከልኩ፣ ካሜራውን ገጠምኩ። ኔቡላዋን፣ ኮከብ የሚወለድባትን ደመና ላነሳ። ሠላሳ ፎቶ። ሁሉም ቢጫ! የፊሽካ የደጅ አምፖል ነዋ። ፊሽካ የምንለው ጎረቤታችን፣ የድሮ ትምህርት ቤቴ ዩኒት ሊደር፣ ፊሽካ ከአፉ የማይለይ። ተማሪ ሁሉ ፊት "አንቺ ለትምህርት አልተፈጠርሽም" ያለኝ ሰውዬ። ደብተሬን ወርውሬለት ወጣሁ፣ አልተመለስኩም። አሁን ደግሞ ሰማዬን?

አጎቴ ደወለ። ቴሌስኮፑ የእሱ ነው።
"ትምህርቱን ጀምረሽ ተውሽ። ይሄንንም ልትተዪው ነው። እስከ እሁድ አንድ የረባ ፎቶ ካላየሁ መጥቼ እወስደዋለሁ።"
እስቲ ይሞክራት!

ሚያዝያ 4፣ ረቡዕ
አምፖሉን በጠጠር አልኩት። በአንድ ውርወራ። እጄ ይባረክ።

ሚያዝያ 5፣ ሐሙስ
ሁለት አምፖል ሰቀለ። ሁለት!! በንዴት በረንዳው ላይ ስንጎራደድ ጣውላው ተንቀጠቀጠ፣ ፎቶው ላይ ኮከቦቹ ትል መሰሉ። ከቅዳሜ ጀምሮ ደግሞ ጨረቃ አለች፣ ሰማዩን ታነጣዋለች። የቀረኝ ነገ ብቻ ነው። ልለምነው? እኔ? ሞቼ ነው!

ሚያዝያ 6፣ ዓርብ
አልሞትኩም። አንኳኳሁ።
"አምፖሉን የሰበርሽው አንቺ ነሽ?" አለኝ።
"አዎ።... አርባ ደቂቃ ያጥፉልኝ።"
አየኝ... አየኝ... አጠፋው። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ተከትሎኝ መጣ! ወንበር ስቦ አጠገቤ ቁጭ። አንዱ ፎቶ ሠላሳ ሰከንድ ይፈጃል፣ ሰማንያ ፎቶ ይደራረባል። እስከዚያ ንቅንቅ የለም።
"ያን ቀን ያልኩሽን ታስታውሺዋለሽ?"
"ቃል በቃል።"
ደሜ ፈላ። ብድግ ልል... ካሜራው ክፍት ነው! ወንበሬን ጨምድጄ ያዝኩ። እዚያው እንደተቀመጥኩ፣ ቀስ ብዬ፦
"ሰው ፊት ነው ያዋረዱኝ።"
ስንት ፎቶ አለፈ... አምስት? ስድስት?
"አጥፍቻለሁ" አሉ።
"አይቻለሁ፣ ጨለማ ነው።"
"መብራቱን አላልኩም።"
ይኸው፣ ማስታወሻዬ ላይም አንቱ አልኩት። ስክሪኑን አየሁ። ገና ሠላሳ አራተኛው ላይ ነበርን።

ሚያዝያ 8፣ እሁድ
አጎቴ የቴሌስኮፑን ሳጥን ይዞ መጣ። ፎቶውን ሰጠሁት፣ አርባ ደቂቃ እንደፈጀም ነገርኩት። ሮዝ ደመና፣ ክንፍ የዘረጋች፣ ዙሪያዋን ያሉት ኮከቦች ሁሉ ክብ ክብ። ኮከቦቹን አንድ በአንድ አያቸው።
"አርባ ደቂቃ ሳትነቃነቂ? አንቺ?"
ስለ ኔቡላዋ አንድ ቃል የለም! ንድድ አልኩ።
ሳጥኑን ግን ባዶውን ትቶልኝ ሄደ።