ዓይነ ርግብ ለኮራሎቹ

ሚያዝያ 23፣ ጠዋት

ጨው ለካሁ፤ ደህና። ሙቀት፤ ደህና። አዝራሮቹ ገና አልነቁም። መዶሻው ግማሽ ድረስ ወጥቷል። አንጎሉ እንደ ልማዱ ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ዝምተኛ።

አዲሱ መብራት ትናንት በአውቶቡስ ደረሰ። ኮራሎቹን የሸጠልን የአዲስ አበባው ሰውዬ ነው የላከው። ካርቶኑን የቬሎ መስቀያው ሥር አስቀመጥኩት። አልከፈትኩትም። ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ።

አዲስ ደብተር ነሽ፤ አንድ ጊዜ ልንገርሽና ይውጣልኝ። ባሌ ሙላት፣ ከዚህ በኋላ ሙ. እለዋለሁ፣ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር። ባሕር አይቶ መጣና ሌላ ነገር አላምረው አለ። መሪውን ሲተው ኮራል የሚባሉት የባሕር እንስሳት የሚኖሩበትን ይህን የጨው ውኃ ገንዳ ሳሎናችን ውስጥ ተከለ፤ ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከኔ የሙሽራ ልብስ ኪራይ ሱቅ ጀርባ። ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ክቦቹን አዝራር፣ ጫፉ የሚደፋውን መዶሻ፣ የተጠማዘዘውን አንጎል። አንጎሉ የሱ ነው። ከሁሉም በፊት ደህና አደርክ የሚለው እሱን ነው።

አሁን ዓይኑ እየደከመ ነው። ሐኪሙ፣ የዓይኑ ግፊት የወሰደው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ይጠብቃል ብሎታል። በድሮው መብራት አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ቢለጥፍ እንኳ የሚያየው ሰማያዊ ጭጋግ ነው። እኔን ግን ያየኛል። እንደዚያ ይላል።

ብርቱ መብራት ቢሆን ያያቸዋል። ኮራል ደግሞ ብርቱ ብርሃን በድንገት ከመጣበት ይነጣል። ሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች አሉ፤ ቀለሙም እንጀራውም እነሱ ናቸው። ሲቃጠል ያስወጣቸዋል። ከዚያ ነጭ አጥንት። ስለዚህ ቀስ በቀስ ማለማመድ። እኔ! ቀስ ብዬ የሠራሁት አንድ ነገር ቢኖር ንገሪኝ።

ሚያዝያ 25፣ ከሰዓት

ሰቀልነው። ሙ. ወንበር ላይ ወጥቶ በሰንሰለት አንጠለጠለው፤ እኔ የወንበሩን እግር ይዤ ጸለይኩ። አትውጣ ማለት አቃተኝ። እንዲያ ያልኩት ቀን ሌላ ነገርም አብሮ የሚወርድ ይመስለኛል።

መብራቱ ብልጥ ነው። ከዝቅተኛው ጀምሮ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንዲጨምር በስልኬ አዘዝኩት። ዛሬ ከድሮው ብዙም አይበልጥም። ሙ. ገንዳውን ለጥቂት ጊዜ አየና ሬዲዮኑን ከፈተ።

አማቴ እምዬ ስንዱ ከቡሬ ገጠር መጡ። የልጃቸውን ዓይን ሊጠይቁ ነው የመጡት፤ መጀመሪያ የጠየቁት ግን ገንዳውን ነው። የዓሣ ዱቄት ስበትን አይተው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«አንቺ ልጅ፣ ድንጋይ ነው ምታበዪው?»

ድንጋይ አይደለም፣ ነፍስ አለው አልኳቸው። ረቡዕና ዓርብም ይበላ እንደሆነ ጠየቁ። በዓለ ሃምሳ ነው እምዬ፣ ሁሉም ይፈታል አልኩ። ይኸኛው መልስ አረካቸው።

ሚያዝያ 28

እምዬ አይረጋጉም። የበርበሬ ችግኝ መደባቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ነው የመጡት፤ ጎረቤቱ ደግሞ ችኩል ነው። የመደቡን ጥላ ሣር ባንዴ ገፎ ይጥልብኛል ብለው ይብሰከሰካሉ። ሙ. ታዲያ ሂጂ ይላቸዋል። አልሄድም፣ አንተን ላይ ነው የመጣሁ ይሉታል። ከዚያ ደግሞ ስለ በርበሬው።

መብራቱ በራሱ ጥቂት ጨምሯል። አዝራሮቹ ደስ ብሏቸዋል፤ ወይም እኔ ደስ ብሎኛል፤ አልለይም። ሰርግ በሰርግ ላይ ነው። ሦስት ቬሎ ወጣ፣ አንዱ ጫፉ ወጥ ተነክሮ ተመለሰ። እየዘፈንኩ አጠብኩት።

ግንቦት 1፣ ማታ

ልደታ። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ፓምፑ ባትሪ አለው፤ መብራቱ አንድ ቀን ቢያርፍ አይጎዳም ብዬ ቤቱን ዘጋሁ። ሰፈሩ ሁሉ ውጭ ነው። ንፍሮ፣ ጠላ፣ ከበሮ። በልደታ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ቢቀመጥም ጎትተው ያወጡታል። ሙ. ጨፈረ። ጎረቤቶቹ ባሕረኛው እያሉ ከበቡት። በዓይኔ እየተከተልኩት ነበር፤ አልተደናቀፈም። በጣም ደስ አለኝ። መብራት ትዝ የሚለው ማን ነው? እዚያ ሣር ላይ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ አንድ ነገር አልነበረንም።

ስንመለስ ከመንገዱ ላይ ሆኜ መስኮታችንን አየሁት። ነጭ። እንደ ከባድ መኪና የግንባር መብራት።

ኤሌክትሪኩ ሲሄድ ያዘዝኩትን ሁሉ ረስቶ፣ ሲመጣ በሙሉ ኃይሉ በርቷል። መቼ እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ሮጥኩ። ቁልፉ እምቢ አለ። ገባሁ። አዝራሮቹ ተዘግተዋል። መዶሻው እጁን ሁሉ ሰብስቦ ጠፍቷል።

ማጥፊያው ላይ እጄን ሳደርግ ሙ. ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

«አየኋቸው» አለኝ። «አንዴ ተዪው። አንዴ ብቻ።»

አጠፋሁት።

ግንቦት 2

አንጎሉ አናቱ ላይ ነጥቷል። የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ። አረንጓዴው ወደ ጫፍ ጫፉ ሸሽቷል።

ሙ. አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጠብታውን ዓይኑ ውስጥ ስጨምርለት ትናንት ያየውን ይነግረኛል፤ መዶሻው ተሰብስቦም ቢሆን ጫፉ ወርቅ እንደሆነ፣ ዐለቱ ሐምራዊ እንደለበሰ። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት። እኔ በየቀኑ እያየሁ ሐምራዊውን ልብ አላልኩትም።

ለሱ የሚበቃው ብርሃን ለነሱ ይበዛል። ለነሱ የሚስማማው ለሱ ጭጋግ ነው። መሐል ላይ አንድ ቦታ መኖር አለበት። ካለ።

ግንቦት 3፣ ከሰዓት

ደስ ብሎኛል! እምዬ ጠዋት ስለ በርበሬያቸው ሲብሰከሰኩ፣ ጥላው እንዴት ነው የሚነሳው ብዬ ጠየቅኋቸው። ለወግ ያህል ነው የጠየቅሁት። ሣሩ ይሳሳል፣ ችግኙ ይታያል፤ ካልጠወለገ ደግሞ ይሳሳል፤ ከጠወለገ መልሰህ ታለብሳለህ አሉኝ። መልሰህ ታለብሳለህ። ይቺ ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረች።

ሣር የለኝም። ዓይነ ርግብ ግን ሞልቶኛል፤ ሻማ የበሳው፣ የተቀደደ፣ ሙሽራ ፊት ላይ የማይወጣ። ድርብርብ አድርጌ በገንዳው አፍ ላይ ወጠርኩት፣ በልብስ መቆንጠጫ ያዝኩት። መብራቱን በሙሉ ኃይሉ ለቀቅሁት። ከዚህ በኋላ የሚረሳው ነገር የለም፤ ቢጠፋም ቢመጣም ያው ነው። ወደ ታች የሚወርደው ብርሃን ለስላሳ፣ ወተት የመሰለ።

እምዬ አይተው በሳቅ ሞቱ። «ሙላት! ና እይ! ሚስትህ ድንጋዩን ዳረችው!»

እሱም ሳቀ። ምን ያህል እንዳየ አልጠየቅሁም።

ግንቦት 8

አንዲት ሙሽራ ቬሎ ልትለካ መጣች፤ የመራዊ ልጅ፣ ቀልደኛ። መጋረጃውን ገልጣ ሳሎኑን አየችና ይቺኛዋ ሙሽራ ደግሞ የማን ናት አለች። የባሌ አልኳት። ጣውንትሽ ናታ፣ አለችኝ። እናቷ አፈረች፤ እኔ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከገንዳው አጠገብ ፎቶ ካልተነሳሁ አለች። ተነሳች። ሙ. ቬሎዋ ያምራል አላት። እሷ የለበሰችው የቀን ልብሷን ነበር፤ ቬሎው ክንዷ ላይ ነው። ማንም አላረመውም። እሷም ፈገግ ብላ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ አለችው።

ከሄደች በኋላ ሱቁ ውስጥ ቆሜ መርፌ ስፈልግ ቆየሁ። መርፌው እጄ ላይ ነበር።

ግንቦት 13

ከዓይነ ርግቡ አንድ ድርብ አነሳሁ። አዝራሮቹ ምንም አላሉም። መዶሻው ከልደታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ እጁን ዘረጋ። አንጎሉ? ነጩ ቦታ ጫፉ ላይ ግራጫ ሆነ፤ ግራጫው ውስጥ አረንጓዴ ያለ ይመስለኛል። ይመስለኛል እንጂ አልምልም።

ሙ. ከሶፋው ሆኖ መዶሻው ወጥቷል አይደል አለኝ። አዎ አልኩ። ካየ ይሁን፣ ከድምፄ ይሁን፣ እንጃ።

ግንቦት 19

ኃይለኛ ዝናብ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። እንደ በፊቱ ቢሆን አብጄ ነበር። ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ዘርፍ ሰፋሁ። ዓይነ ርግቡ እንደተወጠረ ነው። ሌላም ድርብ አንስቻለሁ። የአንጎሉ አረንጓዴ እውነት ነው! እምዬም አዩት። የበርበሬያቸው ጎረቤት ደውሎ ሣሩን አልነካሁም፣ ብሎ ማለላቸው። አላመኑትም፤ ግን ምሳቸውን ጥርግ አድርገው በሉ።

ግንቦት 24

ስግብግብ ሆንኩ። አንድ ብቻ እስኪቀር አነሳሁ። ሙ. ከሶፋው ብድግ ብሎ ወርቁ መጣ፣ አለ። ወርቁ መጣ! ቤቱን ዞርኩ፣ እምዬን አቀፍኩ።

ከሰዓት መዶሻው ተሰበሰበ። አዝራሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ።

ድርቡን ሳልመልስ ጠዋት እስኪወጡ ልጠብቅ አልኩ። ለነሱ ሳይሆን ለሱ።

ግንቦት 25

አልወጡም። መልሼ አለበስኳቸው። በድምሩ ሁለት ድርብ። ከዚህ አያልፍም፤ ይኸው ነው የነሱ ልክ።

ለሙ. እንዴት እንደምነግረው አላውቅም። ሻይ አፈላሁለት። ስኳር ሁለቴ ጨመርኩ። ጠጣው።

ግንቦት 27፣ ከሰዓት

ሁሉም ወጥተዋል። ከበፊቱም ሰፍተው።

ነገርኩት። ከሶፋው ምን ይታይሃል አልኩት። ሰማያዊ መስኮት፣ አለ። ውስጡ? ውስጡ የለም አለ። አንዱን ላንሳው፣ ትንሽ ቢነጡም ይለምዱት ይሆናል አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

«ተይ እንጂ» አለኝ። «እነሱ እግር የላቸውም። እኔ አለኝ።»

የሱቁን ዱካ አምጥቶ ገንዳው ሥር ጣለና ተቀመጠ። ግንባሩን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። ኩሽና የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። እምዬ ድስት ይዘው ቆመው፣ ሙላት ልለፍበት እንጂ፣ ይላሉ። አይሰማም። ጭጋግ ነው ብሎ ይነሳል ብዬ ጠበቅሁ። እጄ ላይ ጨርቅ ነበር፣ አጥፌ ዘረጋሁት፣ መልሼ አጠፍኩት።

አንጎሉ ሁለት አፍ አለው፣ አለ።

ጥላ ነው አልኩት። ዓይኑ አይደል። አንድ አፍ ነው ያለው፤ በየቀኑ የማበላው እኔ ነኝ። ሁለት ነው፣ ነጥቶ ከነበረው ቦታ ዝቅ ብሎ፣ አለኝ። ጎንበስ አልኩ። ግንባሬን ከግንባሩ አጠገብ አስደገፍኩ።

ሁለት ነው። አንዱ አፍ መሐል ለመሐል ተከፍሎ፣ ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም ጤነኛ። ለሁለት እየተከፈለ ነው። እያደገ ነው! በየቀኑ ሳየው ኖሬ ያላየሁትን እሱ አየው። ጮኽኩ። እምዬ መስታወት የተሰበረ መስሏቸው ድስቱን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ምንድን ነው? ወለደች?»

አዎ አልናቸው፣ ባንድ አፍ። እምዬ ስንዱ ለድንጋይ እልል አሉ። ከሱቁ አንዲት ደንበኛ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ተቀበለቻቸው።

ስለዚህ ተወስኗል። ሁለቱ ድርብ አይነሱም። ዱካው እዚያው ይኖራል። ኩሽና መግባት የሚፈልግ በጓሮ ይዙር፣ እምዬም ቢሆኑ፣ እኔም ብሆን። ሌላ ዱካ ደግሞ ያስፈልጋል፣ አጠገቡ የምትቀመጥ…

እየጠራኝ ነው። ሦስተኛ አፍ አየሁ ይላል። አላምነውም። ልሂድና ልየው።