ጉጠቱ ተቀቅሎ ይሆን?

ሰኞ

ሳልነቀል ተመለስኩ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አፌን ከፈትኩና ብድግ ብዬ ወጣሁ። ምን ላድርግ! የጥርስ ክሊኒኩ ድሬሰር ጌታሁን፣ የአንዱን ሰውዬ መንጋጋ የነቀለበትን ጉጠት ሳህን ላይ ጣል አድርጎ ወዲያው "ይምጡ፣ እትዬ" አይለኝም! የኔን በየትኛው ሊነቅል ነው? መቀቀያ ድስቱ ጥግ ላይ አለ፤ ከሰዓቱን በሙሉ ግን እንፋሎት አላየሁበትም። ላምባ ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ቆየ። እኛ ሽሮ ማብሰያ አጥተን እሱ በምን ብረት ይቀቅላል?

ግድግዳ የምትጋራኝ ዘሃራ እዚያ ተነቅላ መንጋጋዋ አብጦ ሞታ ነው የተረፈችው።

ማክሰኞ

ቅርንፉዱም አላስተኛኝም። ዘሃራ "ሞጆ ሂጂ፣ ሌላ ሐኪም አለ" ትላለች። ለሞጆው ላምባ ከሰማይ ይወርድለታል?

ከሰዓት ሄጄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤ ለመነቀል ሳይሆን ለመሰለል። እጁን ታጠበ፣ ጥሩ። በሳሙና? እንጃ። ፎጣው የትናንቱ ነው፣ ያቺ ያየኋት የደም ነጥብ አለችበት። ድስቱ ዛሬም ዝም። "እትዬ፣ ዛሬም ለጉብኝት ነው?" ብሎ ሰው አሳቀብኝ።

ረቡዕ

ጉድ ነው! ጠዋት ክሊኒኩ ስገባ ቤቱ እንቁላል እንቁላል ይሸታል። በሁዳዴ! ጌታሁን ወደ ጓዳ ሲል የድስቱን ክዳን አነሣሁ። ሁለት እንቁላል፣ ከጉጠቶቹ መሐል።

"ይኼን ነው ጾመኛ አፍ ውስጥ የምትከተው?" ብዬ ጮህኩ።

"ጨጓራዬን ታምሜ የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኝ ነው፣ እትዬ።"

ለዘሃራ ስነግራት በሳቅ ሞተች። "በስሎ ነበር?" አለችኝ።

እንዴ! ክዳኑ እኮ ጣቴን አቃጥሎኛል። ስለዚህ ውሃው ይፈላል። ግን የሚፈላው ለጉጠቱ ነው ወይስ ለቁርሱ?

ሐሙስ

ጉንጬ አበጠ፣ መታገሥ አልቻልኩም። ለፋሲካ ዶሮ የደበቅኳትን ግማሽ ጠርሙስ ላምባ ይዤ ከሰዓት ሄድኩ። "እንካ። ለጉጠት እንጂ ለእንቁላል አይደለም። እኔ እያየሁ ይፈላል።"

"ካድሬ ሆኑ እንዴ፣ እትዬ?"

"ከካድሬም እብሳለሁ። ጥርሴ ነው!"

ሳቁን ተወ። ዝቅ ብሎ ነገረኝ፦ የሚሰጡት ላምባ ለጠዋት ብቻ ነው የሚበቃው፤ ከሰዓት በአልኮል ጠረግ አድርጎ ይሠራል። ዘሃራ የተነቀለችው ከሰዓት ነበር! ለካ በከንቱ አልጠረጠርኩም።

ውሃውን ደፍቶ ሌላ ጣደ። ጉጠቶቹ ድስቱ ውስጥ ሲንኳኩ እስክሰማ ወንበሩ ላይ አልወጣሁም። እጁን በሳሙና ታጠበ፣ አይቻለሁ። ነቀለኝ።

እሑድ

በየጊዜው መስታወት ፊት እየቆምኩ ግራና ቀኝ ጉንጬን አስተያያለሁ። እብጠቱ ጎድሏል። መግልም የለ፣ ትኩሳትም የለ። ተመስገን።

የተረፈችውን ላምባ እዚያው ትቼለታለሁ፣ ከሰዓት ለሚመጣ ሰው። የዶሮው ነገር በከሰል ይሁን። "እሺ እትዬ፣ ለሌላ አላደርጋትም" ብሎኛል። ይበል። ነገ ከሰዓት ብቅ ብዬ ክዳኑን እነካለሁ።