ለግድግዳ የመጣ ደቦ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ፤

እምዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? ጠበሉስ ተስማማዎት? ጥቅምት ገብቶ ውርጩ ጀምሯልና ጋቢዎን ሳይደርቡ ወደ ጠበሉ እንዳይወርዱ። እኔ አምላክ ይመስገነውና በሕይወት አለሁ። ውዳሴም ደኅና ናት፤ አያቴ መቼ ነው የሚመጡት እያለች ታደርቀኛለች።

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡልዎ ቄስ ገብረ ሕይወት ናቸው። የነፍስ አባትዎ ያን ሁሉ መንገድ ለምን መጡ ብለው እንደሚያስቡ አውቃለሁ። ይሂዱልኝ ብዬ የለመንኋቸው እኔ ነኝ። አባ፣ እርስዎንም ጉልበትዎን ስሜ እለምናለሁ፤ አንድም ቃል እንዳይዘሉ፣ የኔንም ክፉ አፍ እንዳያለሳልሱ። ይቺ ልጅ በርበሬ ቅማ ነው የተወለደችው እያለች ያሳደገችኝ እናት ናት የምትሰማው፤ ቢያለሳልሱት አታምንዎትም።

ፍኖተ ሰላም የተከራየሁትን ቤት አንድ ጊዜ መጥተው አይተውታል። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለው፣ በክረምት ባጃጅ የማይደርስበት የባምላኩ ግቢ ነው። ያን ጊዜ ጋሽ ባምላኩ እለው ነበር፤ አሁን ጋሽ የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። የጓሮውን ግድግዳ በጣትዎ ነካ አድርገው፣ ይህ ክረምቱን አይወጣም ብለውኝ ነበር። እውነትዎን ነው። የጎረቤት ጣራ ውኃ ሁሉ እግሩ ሥር ይወርዳል፤ ቋሚው በስብሷል፣ ማገሩን ምስጥ በልቶታል። በሰኔ ብነግረው ሐምሌ ይሁን አለኝ። በሐምሌ ብነግረው በዚህ ዝናብ ማን ጭቃ ይለጥፋል አለኝ። በነሐሴ ግድግዳው ሆዱን ነፍቶ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል ጠርቼ አሳየሁት፤ አልጋሽን ወደዚያ ፈቀቅ አድርጊው ብሎኝ ሄደ።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ወዴት ነው ፈቀቅ የማደርገው? ፍልሰታ ሊፈታ ሲል ሌሊቱን ሲዘንብ አደረና ግድግዳው ከወገቡ ተገምሶ በተኛችው ውዳሴ ላይ ወደቀ። አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ከዚያ አፏን ጭቃ ሞላው። በጥፍሬ ቆፍሬ አወጣኋት። የትከሻዋ አጥንት ተሰብሮ ነበር። እርስዎ ጠበል ሊወጡ ሲሰናዱ ስለነበር እንዳይቀሩ ብዬ ደበቅሁዎት። አሁን ድናለች፣ እጇን ወደ ላይ ታነሣለች።

ከሐኪም ቤት ስመለስ ቀዳዳውን በላስቲክ ሸፈንሁት። ባምላኩ መጥቶ ላስቲኩን ከነምስማሩ ነቅሎ ጣለው። ቤቴ ላይ ምስማር የመታ ተከራይ ነገ ቤቱ የኔ ነው ይላል አለኝ። ወይ ያድሱት ወይ ላድሰው ስለው፣ አላድስም፣ አታድሺም፣ ካልተመቸሽ ውጪ አለኝ። ልጄ ልትሞትብኝ ነበር ስለው ደግሞ ወንድም ዘመድ የሌላት ሴት ምን ያስጮኻታል አለኝ። በእጄ ጭልፋ ይዤ ነበር፤ በፊቱ ላይ አሳረፍሁት። ቅንድቡ ተተረተረ። እሱም በቡጢ አነጠፈኝና ወድቄ ሳለሁ በጫማው ረገጠኝ፤ የፊት ጥርሴን ያኔ ነው ያጣሁት። ሚስቱ እትዬ ንግሥቴ በማርያም እያሉ ነጠላቸውን በመካከላችን ባይጥሉ ኖሮ አንዳችን እዚያው ይቀር ነበር።

ለወንድሜ ለክንዱ በስልክ ነገርሁት። ጥርሴንም የልጅቱንም ነገር አልነገርሁትም፤ ብነግረው ጠመንጃ ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግድግዳዬ ወደቀ፣ ባለቤቱ አላድስም አለኝ ብቻ ነው ያልሁት። ሳቀብኝ። ቡሬ ሙሉ ዘመድ እያለሽ ለአንድ ግድግዳ ታለቅሻለሽ እንዴ አለኝ። መስቀል ይለፍ፣ ደቦ ይዤ እመጣለሁ፣ ለቁርስ ሳንቀመጥ ለጥፈነው እንመለሳለን አለ።

ባምላኩ መስቀልን ከዘመዶቹ ጋር ሊውል አዴት ሄዶ ነበር። ነገሩን ለእትዬ ንግሥቴ ሹክ አልኋቸው። እሱ ሳይመለስ ጨርሱት አሉኝ፤ ውኃም ከቧንቧቸው ሰጡኝ። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረን፣ አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር በእግራችን ረግጠን አቦካነው፤ እንዲብላላም ተውነው። እሳቸው የግቢው እመቤት፣ እኔ ተከራይ፣ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ገብተን እንደ ልጅ ተሳስቀናል። ሰውዬው ግን ካሰብነው ቀን ቀድሞ በዋዜማው አምሽቶ ገባና ደክሞት ተኛ። ሲነሣ እነግረዋለሁ ብለው እትዬ ንግሥቴ ዝም አሉ።

እነክንዱ በአይሱዙ ተጭነው ጎሕ ሲቀድ አስፋልቱ ላይ ወረዱ። የእኛ አገር ደቦ ዝም ብሎ እንደማይሄድ ያውቃሉ። ለአጨዳም ሲወጣ፣ ለቤት ሥራም ሲወጣ ያቅራራል፤ ቀረርቶውን የሰማች ባለቤት ጠላዋን ትቀዳለች። ክንዱ ደግሞ ድምፁን ከአባቴ ነው የወሰደው። ከተማ ግን ሌላ ነው፤ ዘመኑም እንደሚያውቁት ነው። በዚህ ጊዜ ጎሕ ሲቀድ እያቅራራ የሚመጣ ወንድ ጭቃ ሊለጥፍ መጣ ብሎ የሚያስብ የለም። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ዱላ ይዘዋል፣ አካፋ ይዘዋል፤ ክንዱ ከፊት ሆኖ ዶማውን በትከሻው አጋድሟል። ጠመንጃውን ቤቱ ትቶት ነበር። ለእህቴ ቤት ሥራ ብረት ምን ያደርግልኛል እንዳለ ትንሹ ወንድሜ ይታገሱ ነግሮኛል።

ባምላኩ ከእንቅልፉ ባንኖ የረገጥኋት ሴት ወንድሞች መጡ ብሎ ጠመንጃውን አነሣ። እትዬ ንግሥቴ እግሩ ላይ ተጠምጥመው ለግድግዳ ነው፣ ለጭቃ ነው ሲሉት በሰደፍ ገፋቸው። ፈርቶ ነው። ይህን ስጽፍልዎ ጥርሴን ነክሼ ነው፤ ግን ፈርቶ ነው። እኔ በሩን ልከፍት እየሮጥሁ ነበር፤ እየሳቅሁም ነበር። ክንዱ ቀድሞኝ የግቢውን በር በትከሻው ገፍቶ ገባ። ባምላኩ ከቤቱ ደፍ ላይ ቆሞ ተኮሰ።

አባ፣ እዚህ ላይ ወረቀቱን ያስቀምጡና የእናቴን እጅ ይያዙልኝ።

እምዬ፣ ክንዱ ሞቷል። ደረቱን ነው የመታው። ወደኔ መጣ መጣ አለና ካቦካነው ጭቃ ውስጥ በግንባሩ ወደቀ። ገልብጬ አፉን ጠረግሁለት፤ ውዳሴን ጠርጌ አድኛት ስለነበር እሱም የሚድን መስሎኝ ነበር። አንድም ቃል አልተናገረም። ይህን ብሎ ሞተ፣ ይህን ተናዘዘ የሚልዎ ሰው ቢመጣ አይመኑት። በአባቴ አጠገብ ቀበርነው። ጠበል ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፣ ሱባኤዋን ትፈጽም ያሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ እኔም እሺ ብዬ ሱባኤዎ እስኪፈጸም ቆየሁ። ልጄን ሳልሸኘው ብለው ከተቀየሙ እኔን ይቀየሙኝ።

የቀረውንም ይስሙ። ሰዎቹ ጠመንጃውን ነጥቀው ባምላኩ ላይ ወረዱበት። በዱላ፣ በአካፋ ጠርዝ፣ በእርግጫ ደበደቡት። መንጋጋው ወደ ጎን ሄደ፤ የእጁ አጥንት ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ተሰማኝ። እኔ ቆሜ አይ ነበር፤ ደስ ብሎኝም ነበር። ከዚያ ትንሹ ልጅዎ ይታገሱ ከጭቃው ውስጥ የክንዱን ዶማ አነሣ። አናቱ ላይ ሊያሳርፈው ነው። ለባምላኩ አዝኜ እንዳይመስልዎ። ሁለት የደረሱ ወንዶች ልጆች አሉት። እሱ ከሞተ እነሱ ይታገሱን ይገድሉታል፤ የኛዎቹ ደግሞ እነሱን ይገድላሉ፤ ያሰብሁት ይህን ብቻ ነው። ዘልዬ ባምላኩ ላይ ተደፋሁበት። ዶማው እጄ ላይ አረፈ። ሐኪሞቹ ሊያተርፉት ሞክረው ነበር፤ በኋላ ግራ እጄን ከክርኔ በታች ቆረጡት። ይህን የምጽፍልዎ ወረቀቱን በጉልበቴ ይዤ ነው። ይታገሱን በዚህ ነገር አንድ ቃል እንዳይናገሩት፤ ዓይኔን ማየት አቅቶታል።

ባምላኩ ሐኪም ቤት ተኝቶ በፖሊስ ይጠበቃል፤ ይተርፋል ይላሉ። እኔ ከሐኪም ቤት ወጥቼ ስገባ ግድግዳው ተለጥፎ አገኘሁት። ልስልስ ብሎ፣ በእበት ተለቅልቆ። እትዬ ንግሥቴ ብቻቸውን ነው የለጠፉት፤ ያውም በዚያው ክንዱ በወደቀበት ጭቃ። ስንት ወር የለመንሁት ግድግዳ ነው። ዶማ አነሣሁና ባንድ እጄ ቀጠቀጥሁት፤ ተበሳስቶ ከወዲያ ብርሃን እስኪታይ ድረስ ቀጠቀጥሁት። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየኝ፤ የከለከለኝ የለም። እትዬ ንግሥቴ አጠገቤ ቁጭ ብለው የረገፈውን ጭቃ በነጠላቸው ለቀሙ። የክንዱ ደም አለበት፣ ከሱ መቃብር ይግባ ብለው ለአባ ሰጧቸው። ሌላም ነገር ሊሉኝ ፈልገው ነበር፤ እኔ ፊቴን አዞርሁባቸው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ይታገሱ ከቀብሩ ወዲህ የክንዱን ጠመንጃ ወልውሎ ራስጌው አኑሮታል። የባምላኩ ልጆች የሚወጡበትን የሚገቡበትን ያስጠናል። ሽማግሌ ሲላክበት መልሱ አንድ ነው። እናቴ ትምጣ፣ ለቅሶው ላይ አፏን ልስማ ይላል።

አፍዎን። እምዬ፣ አጎቴ ሙጬ ተገድሎ የመጣ ዕለት እኔ ልጅ ነበርሁ፤ ያለቀሱበትን ግጥም ግን አልረሳሁትም።

ጠመንጃው ተሰቅሎ አቧራ ለበሰ፤
ወንድም የሌለው ነው ደሙ የፈሰሰ።

አባቴ ለቅሶው ሳይበተን ጠመንጃውን ከተሰቀለበት አወረደ። የወንድሙን ደም መለሰ፤ በዓመቱ የሱንም አስከሬን አመጡልን። አገሩ እስከ ዛሬ የግጥሙን ማማር ያነሣል። እኔ ግን የማስታውሰው ከዚያ በኋላ በየለቅሶው አፍዎን በነጠላዎ አፍነው ሲቀመጡ ነው። ለሌላው ሬሳ አፍነው ቆይተዋል፤ ክንዱ ግን ልጅዎ ነው፣ ግጥሙ ይመጣብዎታል። ቢመጣም ይዋጡት። ይታገሱ ሊሰማው የሚፈልገው እሱን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ክንዱ በዋዜማው ደውሎልኝ ነበር። ከተማ ነውና ቀረርቶው ይቅር፣ ዝም ብለን እንግባ ይሻላል መሰለኝ አለኝ። ወንድም የላትም ተብላ በጫማ የተረገጠች ሴት ምን ብላ እንደምትመልስ እርስዎ ያውቃሉ፤ የእርስዎ ልጅ ነኝ። መልሴን ሰምቶ ነው ያቅራራው፤ ቃሉን ክንዱ ይዞት ሄዷል፤ አባ ደግሞ በንስሐ ሰምተውታል። ይታገሱ አያውቅም።

ስለዚህ ለቅሶው ላይ ዝም ይበሉ እምዬ። ዝም ማለት ካቃተዎት በባምላኩ ልጆች ላይ አይግጠሙ፤ በኔ ላይ ይግጠሙ። እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

መድኃኔ ዓለም ያጽናዎት። የክንዱን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ ለይታገሱም ልብ ይስጠው። ውዳሴ በዳነው እጇ አንገትዎን አቅፋ ትስምዎታለች። እኔ ጉልበትዎን ለመሳም ለቅሶው ላይ ቀድሜ ደርሼ እጠብቅዎታለሁ።

አፏን ከእርስዎ የወረሰች ሴት ልጅዎ