አሥራ ስድስት ወንበር

ለማከብርሽና ለምናፍቅሽ እትዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ከአንቺ ጀምሬ በቤቱ ያለውን ሰው አንድ በአንድ እየጠራሁ ደህና ናችሁ ወይ እላለሁ። ወገብሽ ተሻለሽ? የእማማስ ጉልበት? ባለቤትሽ ደረጃው ላይ እሠራለሁ ያለው መደገፊያ ተሠራ ወይስ አሁንም «ነገ» ላይ ነው? አናጢ ቤቱ ውስጥ እያለ የሚንገዳገድ ደረጃ መውጣት የእናንተ ዕጣ ሆነ። እኔ ደህና ነኝ፤ የሚያስቸግረኝ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው። ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ እንዳይመስልሽ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሣኝ ጉዳይ ነበር። አሁን ተገላግዬዋለሁና ልንገርሽ።

የምሠራበት ቤት የመነጽር መስታወት የሚቆረጥበት መሆኑን ታውቂያለሽ። የደንበኛው የዓይን ልክ፣ ትእዛዙ የገባበት ቀን፣ መስታወቱ የደረሰበት ደረጃ፣ ሁሉም ያለው በኮምፒውተር መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡን የሚይዘውን ሶፍትዌር ከአራት ዓመት በፊት ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ በነጻ የሚሰጠውን እትም። ነጻው እትም ልክ አለው፣ ከዚያ በላይ አይዝም። እኔ ደግሞ መቼም አይሞላም ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሞላ። አዲስ ትእዛዝ አልቀበልም አለ፤ መነጽር የሚጠብቀው ሰው በር ላይ ተሰለፈ፤ እኔ የምገባበት ጠፋኝ። የቆዩ ትእዛዞችን ወደ ሌላ ቦታ አውጥቼ ለጥቂት ሳምንት የሚሆን ቦታ አገኘሁ፤ ሥራ አስኪያጁም የሚገዛውን እትም መርጬ እንዳቀርብ አዘዙኝ።

ምርጫው ሽንኩርት እንደ መግዛት አይደለም። መካከለኛ እትም አለ፣ ትልቁም አለ። ሻጩ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ምላሱ ከጫማው የባሰ ሰው ነው፤ ትልቁ ይህን ይችላል፣ ያንን ይችላል ሲል ዋለ። እኛ ግን ከሚዘረዝረው ሁሉ አንዱን እንኳ የምናውልበት ሥራ የለንም፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው። መካከለኛውን መረጥኩ። ሶፍትዌሩን የመጠቀም ፈቃዱ የሚገዛው መዝገቡን በሚነካው ሰው ቁጥር ነው ብዬም የሠራተኛ ስም መቆጣጠሪያውን አንሥቼ ሃምሳ ስምንት ስም ገለበጥኩ። እኛ ቤት ጓንቱም ሳሙናውም ጋዋኑም የሚታደለው በዚያ ወረቀት ነው፤ ሌላ መቁጠሪያ አናውቅም።

ሥራ አስኪያጁ ዋጋውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። የከሰዓቱን ፈረቃ አውጣ፣ እነሱ በወረቀት ይጻፉ፣ የጠዋቶቹ ይገለብጡላቸዋል አሉ። እትዬ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከመዝገቡ የወጣች ሠራተኛ ሁለት ወር ሳይሞላት አንቺ ደግሞ ምን ትሠሪያለሽ ትባላለች፤ ከዚያ በኋላ መሰናበት ነው። የከሰዓቱ ፈረቃ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ናቸው፤ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሰው፣ የቤታቸውን ሥራ ጨርሰው የሚገቡ። እኔ ምን አልኩ? እሺ አልኩ። ማስመሪያ አንሥቼ በአሥራ ዘጠኙ ስም ላይ መስመር አሰመርኩ። ስጽፍልሽ እንኳ አፍራለሁ።

ከተሰመረባቸው አንዷ አራት ዓይና ናቸው። መስታወት መርማሪ ናቸው፤ ከሁላችንም ቀድመው የገቡ። አራት ዓይና የምንላቸው መነጽር ስላደረጉ አይደለም፣ የሚያመልጣቸው ነገር ስለሌለ ነው። ፈረቃ ሲቀየር ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆም አሉና ወረቀቱን አዩ። ስማቸውንም መስመሩንም አዩ። አልተቆጡም። እስቲ ሻጩ የሰጠህን ወረቀት አምጣ ብለው፣ እኔ ሁለት ገጽ አንብቤ የተውኩትን አሥራ አንድ ገጽ ቁጭ ብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ እዚህ ጋ እኮ ወይ በሰው ወይ በማሽን ይላል። ሰው ምን ያስቆጥርሃል? ወንበር ቁጠር» አሉኝ።

ቆጠርኩ። ሦስት ፈረቃ እየተቀባበለ የሚቀመጥበት ወንበር፣ ፊት ለፊቱ ካለው ኮምፒውተር ጋር፣ አሥራ ስድስት ብቻ ነው። የአንድ ፈረቃ ሰዎችም ቢሆኑ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይቀመጡም፤ አንዷ ስትነሣ ሌላዋ ትቀመጣለች፤ ወንበሩ አይበርድም። ይባስ ብሎ እኛ ዘንድ የለቀቀ ሰው የልብስ ሣጥኑን ቁልፍ ካልመለሰ ስሙ ከመቆጣጠሪያው አይሰረዝም። ዳቦ ቤት ከከፈተች ሦስት ዓመት ለሆናት ሴት ሳይቀር ፈቃድ ልገዛላት ነበር! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለእኔ ነው።

ሐሳቡ የእሳቸው መሆኑን ለሥራ አስኪያጁ ነገርኳቸው፤ ይህችን እንኳ አላበላሸሁም። በማግስቱ ሻጩ ሲመጣ አራት ዓይናም አብረውን ተቀመጡ። ሻጩ በየዓመቱ የሚታደስ ኪራይ ይሻላችኋል አለ። እሳቸው አንዲት ነገር ጠየቁት፤ መክፈል ያቆምን ቀን መዝገባችን ይከፈትልናል ወይ? ሻጩ ውሃ ጠጣ። ውሃውን ጨርሶ «አይከፈትም» አለ። ሥራ አስኪያጁ አንዴ ተገዝቶ የሚቀረውን መካከለኛ እትም፣ መዝገቡ ለተቀመጠበት ዋና ማሽን አንድ፣ ለሥራ ማሽኖቹ አሥራ ስድስት ፈቃድ አድርገው ፈረሙ። ከከሰዓቱ ፈረቃ አንድም ሰው አልተነካም። እትዬ፣ እንዲህ ያለ አስተዋይ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ከእሳቸው ጋር መሥራቴ ያኮራኛል።

ያቺ መስመር ግን አላስቀምጥ ስላለችኝ ዛሬ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አንድ መስታወት ወደ ብርሃን አንሥተው እያዩ ነበር፤ ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም። በስክሪብቶ አስምረኸው ቢሆን ልቡ ቆርጧል ብዬ አልፍህ ነበር አሉኝ፤ በእርሳስ ስለሆነ ነው የቆምኩት።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ጋዜጣውን ከዓይኑ እያራቀ ነው የሚያነበው አሉ፣ እጁ ሳያጥረው የዓይኑን ልክ አስለክተሽ ላኪልኝ፣ መስታወቱን አራት ዓይና ራሳቸው ይመረምሩለታል። ትልቋን ልጅሽን ለፈተናዋ አይዞሽ በያት፤ መንትዮቹን እኩል ሳሚልኝ፣ እንዳይጣሉ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን፣ ያቺንም ሳቂታ አክስታችንን ሰላም በይልኝ። አንቺን ግን ዕድሜ ይስጥልኝ።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከመስታወት ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣
ዓርብ፣ ሰኔ ፬ ቀን