የአቶ ቢተው አወቀ የሕይወት ታሪክና የሁለት ወንድማማቾች ማሳ

አቶ ቢተው አወቀ ከአባታቸው ከአቶ አወቀ ሰውነትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘቢደር የኔዓለም፣ በምሥራቅ ጎጃም ከቁይ ከተማ አጠገብ ባለች የገጠር መንደር በ1963 ዓ.ም. ተወለዱ። መታወቂያቸው 1965 ይላል። መታወቂያውን የጻፈው ሰው ሲወለዱ አልነበረም፤ እኔም አልነበርኩም፤ እናታችን ግን ነበሩና የእሳቸውን ይዣለሁ። ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው እንዳላማው ነኝ። ቶሎ የማላምን ሰው መሆኔን ቀባሪው ሁሉ ያውቃል። ዛሬ የማነበውም ስለዚሁ ጭምር ነው።

አቶ ቢተው እስከ ስምንተኛ ክፍል በቁይ ተማሩ። አባታችን እሳቸውን ለእርሻ፣ እኔን ለቤተ ክርስቲያን አስበው ስለነበር እኔ ቅኔ ቤት ገባሁ። ለእርሻ የታሰቡት ወንድሜ ግን ገና በልጅነታቸው የጎረቤት ሬዲዮ ፈትተው ሲገጥሙት ሦስት ብሎን ተረፋቸው። ሬዲዮው ከቀድሞው ይልቅ ጠርቶ ተናገረ፤ ጎረቤታችን ግን የተረፉትን ብሎኖች እያየ እስኪሞት ድረስ አላመናቸውም። በ1982 ዓ.ም. ወደ ደጀን ሄደው ከጭነት መኪና ሾፌሮች ጋር እየዋሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ተማሩ። እርሻው ሰው አጣና እኔ ቅኔዬን ትቼ ሞፈር ጨበጥኩ። ይህን ያኔም አልወደድኩላቸውም።

በ1993 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። በዓመቱም ከወይዘሮ ሥራነሽ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ወንጌላዊትንና የሺዋስን አፈሩ።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የሚኒባስ ሾፌሮች ዘፈን የሚያጎላ ትልልቅ አምፕሊፋየር ማስገጠም ጀመሩ። ሲመሽ ታዲያ የዘፈኑ ከበሮ በተመታ ቁጥር የመኪናው የፊት መብራት ይፈዝ ነበር። አቶ ቢተው ለዚህ መፍትሔ ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ካፓሲተር ይገጥሙላቸው ጀመር። ካፓሲተር የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ የምታክል ዕቃ ናት። ምንጩ ሩቅ ለሆነ ቤት ማድጋ እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ እሷም ከባትሪው የተቀበለችውን አጠራቅማ ከበሮው ሲመታ ባንዴ ታቀብላለች። ሾፌሮቹ ግን ጠረጠሩ። በጉንደ ወይን መስመር የሚሠራው አምደሚካኤል «ይቺ ቆርቆሮ ባትሪዬን እየጠጣችብኝ ነው» ብሎ ሁለት ጊዜ አስነቅሏታል፤ ሁለት ጊዜም ተመልሶ አስገጥሟታል።

እሳቸውም ቢሆኑ ከሾፌሮቹ የባሱ ተጠራጣሪ ነበሩ። ካፓሲተሯ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አያምኑም። አንዷን በመጋዝ ቢቆርጧት ከአራት እጅ ሦስቱ ባዶ ሆኖ ስላገኙት፣ ግማሿን ደንበኛ ሁሉ እንዲያያት ሱቃቸው መስኮት ላይ አስቀምጠው ነበር። «ዲናሞህ ከደከመ ይቺ አታድንህም፤ መጀመሪያ እሱን አሠራ» እያሉም ገዢ ይመልሱ ነበር። በዚህም «አትግዛ የሚል ነጋዴ አንድ ነገር ቢኖረው ነው» ተብለው ታምተዋል። አዲስ ካፓሲተር ሲያስገቡ በትንሽ አምፖል በኩል ቀስ አድርገው ይሞሏታል፤ አምፖሉ በርቶ በርቶ ሲጠፋ ሞላች ማለት ነው። ሲነቅሏትም በዚያው አምፖል ያራግፏታል። ልጆቻቸውንም «የተነቀለ ሁሉ ባዶ አይደለም» እያሉ ያስጠነቅቁ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. አባታችን አረፉ። በአርባቸው ዕለት፣ ተዝካሩ እየተበላ ሳለ፣ አቶ ቢተው ከድንኳኑ ወጥተው ጓሮ ውስጥ በስልክ ሲነጋገሩ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሰማኋቸው። ቃላቸው ይህ ነበር፦ «ማሳው ለሁለት አይበቃም አልኩህ እኮ! ከሱ ንቀለውና ለብቻው አድርገው። ባለቤቱን ምን አስጠየቀህ፣ ዝም ብለህ ንቀለው!»

አባታችን አፈር ከለበሱ ገና አርባ ቀናቸው ነው። ማሳቸውን የማርሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚህ ሌላ ምን ልረዳ? በሳምንቱ ወደ መሬት አስተዳደር ሄጄ ማሳውን በስሜ ብቻ አስመዘገብኩ። ወንድሜ ይህን ሲሰሙ አንድ ቃል አልተናገሩም። የማይከራከር ሰው ደግሞ የባሰ ያስጠረጥራል። ደብረ ማርቆስ ተቀምጠው የሆነ ወረቀት እያሠሩ ነው ብዬ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠበቅሁ። ለበዓል ወደ ቁይ ሲመጡ እኔ ከቤት እወጣለሁ። በ2011 እና በ2014 ዓ.ም. ሽማግሌ ልከው «ወንድሜን ምን በደልኩት?» ብለው አስጠየቁኝ። «እሱ ያውቀዋል» ብዬ ሽማግሌዎቹን ጠላ አጠጥቼ ሸኘኋቸው። የሰማሁትን ያን ዕለት ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ጽዋ ጠላ ባለቀ ነበር። እኔ ግን በዳዬ በደሉን ሳልነግረው እንዲያውቅ ፈለግሁ።

አቶ ቢተው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምናና በጠበል ሲረዱ ቆዩ። ሱቁን ልጃቸው ወንጌላዊት ያዘች። እኔ አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። መታመማቸውንም ለመታረቅ ያመጡት ዘዴ ነው ብዬ ነበር። ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ማለዳ በመኖሪያ ቤታቸው፣ በ54 ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ፣ የሕይወት ታሪኩን ጻፍ ተብዬ ስለታዘዝኩ፣ ለዚህ ጽሑፍ ዘመናቱን ልጠይቅ ደብረ ማርቆስ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ። ወንጌላዊት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከአንድ ሚኒባስ ኋላ ጎንበስ ብላለች። አባቷ በሞቱበት ቀን ሥራ! እሷንም ጠረጠርኳት። ለካ ሚኒባሱ ቀባሪ ወደ ቁይ የሚያመላልስ ነው፤ የዘፈን ዕቃውን እያወጣች ኖሯል። አንድ ጥቁር ገመድ ዘርግታ «አጎቴ፣ እስቲ ማሳውን ይያዙልኝ» አለችኝ።

«የምን ማሳ?» አልኳት።

«ይሄ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ነዋ። እኛ ማሳ ነው የምንለው። የካፓሲተሩንና የአምፕሊፋየሩን ባንድ ብሎን ካሰርነው አባባ አይለቀንም ነበር። ሱቅ ባይኖር እንኳ በስልክ ማሳው ለሁለት አይበቃም፣ ለብቻው አድርጉት ይለን ነበር።»

ገመዱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ቅኔ ቤት አምስት ዓመት ሰምና ወርቅ ስለይ የኖርኩ ሰው፣ ከእናቴ ልጅ አፍ የወጣች አንዲት ቃል ሁለት መንገድ እንዳላት ለማሰብ አልሞከርኩም። ቃሉ ድፍን አልነበረም፤ ልቤ ነው የደፈነው። አፈርኩ፤ ከዚያም አለቀስኩ። ወንጌላዊት ለአባቷ ያለቀስኩ መስሏት ታጽናናኝ ጀመር። ሁሉንም ነገርኳት። ገመዱን ከእጄ ተቀብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ይህን በቀባሪው ፊት እንዳነብ የፈቀዱልኝ ወይዘሮ ሥራነሽ ናቸው። ስለዚህ እመሰክራለሁ። ወንድሜ ቢተው ስለ አባታችን መሬት በሕይወት ዘመናቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። ምንም አልበደሉኝም። በየጠላ ቤቱና በየገበያው «መሬቴን ሊነጥቀኝ ነው» ያልኩት ሐሰት ነበር፤ ከእኔ ሰምታችሁ ያማችኋቸው ሁሉ ኃጢአቱ የእኔ ነው። ናፍቀውኝ ነበር፤ ዘጠኙንም ዓመት ናፍቀውኝ ነበር።

አቶ ቢተውን ያጡ ቤተሰቦች ስም በሚጻፍበት ስፍራ፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሥራነሽን፣ ልጆቻቸውን ወንጌላዊትንና የሺዋስን፣ እንዲሁም እኅታችንን ማንጠግቦሽን ጽፌ አቆምኩ። የራሴን ለመጻፍ ድፍረቱ አልነበረኝም። ወንጌላዊት ረቂቁን አንብባ፣ ከማንጠግቦሽ ቀጥሎ «እና ወንድማቸው እንዳላማው» የሚለውን በራሷ እጅ ጨመረች። የሚተይበው ሰው እንዳይዘለውም ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

የልብን የሚያውቅ አምላክ የወንድሜን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልኝ፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ ለእኔም የንስሐ ዕድሜ ይስጥ። አሜን የምትሉ አሜን በሉልኝ፤ ዝም ያለውንም ከእንግዲህ አልጠረጥርም።